ድምፅ የሌለው ቀረጻ

በሰርግ ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ኋላ ቆሟል። አጠገቡ ያለው ዘፋኙ ብቻ ነው። የሚሰማው ግን የአንድ ሰው ጨዋታ አይደለም፤ ከበሮው ይመታል፣ ቤዙ ከሥር ይጎትታል፣ ሳክስፎኑ ለዘፋኙ ይመልሳል፣ ክራር የሚመስል ድምፅም በመሐል ብቅ ይላል። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር፣ በዋሽንግተንም ሆነ እዚህ በሀርጌሳ ሼክ ኑር ለሚኖር አንባቢ ይህ ትዕይንት እንግዳ አይሆንም። አበው «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። የኪቦርዱ ባለሙያ ሃምሳውንም ሎሚ ብቻውን ተሸክሞ ቆሟል። ሸክሙ እንዴት ቀለለለት? ቀድሞ ሎሚዎቹን ይይዙ የነበሩት ሌሎቹስ ወዴት ሄዱ?

ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ለመፈለግ ይሞክራል። መንገዱም ሚዲ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የሙዚቃ መሣሪያዎች ዲጂታል መገናኛ ታሪክ መከተል ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ምልክትና ድምፅ

ስለ ሚዲ በብዛት የሚነገረው ስህተት ድምፅ መቅጃ ነው የሚለው ነው። ሚዲ ድምፅ አይቀዳም። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ቁልፍ በዚህ ኃይል ተጫን»፣ «አሁን ልቀቅ» የሚል። ድምፁን የሚፈጥረው ትእዛዙን የሚቀበለው መሣሪያ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አዲስ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዜማው ለቅዱስ ያሬድ ሲሰጥ፣ በድጓው ፊደላት ላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ሁሉም ድምፅ የላቸውም። መሪጌታው ሲያያቸው ግን ዜማው ከጉሮሮው ይወጣል። ምልክቱ ያለ መሪጌታ ቀለም ብቻ ነው። የሚዲ ፋይልም ያለ ሲንተሳይዘር እንዲሁ ቁጥር ብቻ ነው። ልዩነቱ መሪጌታው ምልክቱን በዓመታት ትምህርት ሲያውቀው፣ ማሽኑ በአንድ የጋራ ስምምነት የሚያውቀው መሆኑ ነው።

ስምምነቱ እንዴት ተደረሰ?

በ1970ዎቹ የሲንተሳይዘር ፋብሪካዎች እየበዙ ቢሄዱም ቋንቋቸው የተለያየ ነበር። የአንዱ ፋብሪካ መሣሪያ የሌላውን ማዘዝ አይችልም ነበር። በ1981 የሴኩዌንሻል ሰርኪትስ ኩባንያ መሥራች የነበረው አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ ከባልደረባው ከቼት ዉድ ጋር ሆኖ አንድ የጋራ መገናኛ እንዲኖር ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ሐሳብ አቀረበ። በጃፓን በኩል የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይህንኑ ሲያስብበት የቆየ በመሆኑ፣ ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይም በውይይቱ ገቡበት። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ አናሃይም በተካሄደው የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ የሴኩዌንሻሉ ፕሮፌት 600 እና የሮላንዱ ጁፒተር 6 በአንድ ገመድ ተያይዘው፣ አንዱን ሲነኩት ሌላው ሲጮኽ ታየ። በነሐሴ 1983 የስምምነቱ የመጀመሪያ ጽሑፍ ታተመ።

ከዚህ ታሪክ የሚያስገርመው የተወዳዳሪዎቹ መስማማት ነው። ስሚዝና ካኬሃሺ ለዚህ ሥራቸው በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተሰጣቸው። ካኬሃሺ በ2017፣ ስሚዝ ደግሞ በ2022 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ስምምነታቸው ግን በ2020 ሁለተኛው ደረጃ ይፋ ከሆነ በኋላ እንኳ በነበረበት መልኩ በሥራ ላይ ይገኛል።

አሥራ ስድስቱ መንገዶች

ሸክሙን ያቀለለው ምሥጢር ቻናል የሚባለው ነገር ነው። እያንዳንዱ የሚዲ ትእዛዝ ለማን እንደሚላክ የሚናገር አድራሻ በራሱ ላይ ይዞ ይጓዛል። አድራሻዎቹ 16 ናቸው። ፍጥነቱ በሴኮንድ 31,250 ቢት ስለሆነ አንድን ቁልፍ የመጫን ትእዛዝ ለማስተላለፍ አንድ ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ይበቃል። ጆሮ ይህን መዘግየት አይለየውም። ስለዚህ በአንድ ቀጭን ገመድ ውስጥ 16 ተጫዋቾች ተራ በተራ እያለፉ በአንድ ጊዜ የሚጫወቱ ይመስላሉ።

ቀረጻው እንዲህ ይካሄዳል። ባለሙያው ሲኩዌንሰር በሚባለው መሣሪያ ላይ በመጀመሪያ ከበሮውን በጣቶቹ እየመታ በአንድ መስመር ያስቀምጣል። ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ከበሮውን እያሰማ የቤዙን ድምፅ በሌላ ቻናል ይጨምራል። ከዚያ አኮርዱን፣ ከዚያ የነፋስ መሣሪያዎቹን፣ በመጨረሻም አጃቢ ዜማውን። መልሶ ሲያጫውት እያንዳንዱ መስመር ወደየአድራሻው ይሄዳል። ከቴፕ ቀረጻ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። በቴፕ ላይ የተሳሳተ ድምፅ ተሳስቶ ይቀራል፤ በሚዲ ግን የተሳሳተችውን አንዲት ኖታ ብቻ ነቅሶ ማረም፣ ዘፋኙ ቢጎረንን ወይም ቢታመም ዘፈኑን በሙሉ አንድ ድምፅ ዝቅ ማድረግ፣ ፍጥነቱን ያለ ድምፅ መበላሸት መለወጥ ይቻላል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተሟላም። በ1983 የወጣውና ከ150,000 በላይ የተሸጠው የያማሃ ዲኤክስ 7 ትእዛዝ የሚልከው በአንደኛው ቻናል ብቻ ነበር። በ1985 የወጣው አታሪ ኤስቲ ኮምፒውተር የሚዲ መሰኪያ ከነገላው ይዞ በመምጣቱ በስቱዲዮዎች ተወዳጅ ሆነ። በ1988 የኮርግ ኤም 1 ሲወጣ ደግሞ የቁልፉ ገበታ፣ ከበሮው፣ የመሣሪያዎቹ ድምፅና ባለ ስምንት መስመር ሲኩዌንሰሩ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተሰበሰቡ። ሳጥኑ ግን አቅሙ ውሱን ነበር፤ በአንድ ጊዜ ሊያሰማ የሚችለው 16 ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቅንብሩ ሲበዛ ቀድሞ የተነካው ኖታ ሳይጨርስ ይቆረጣል።

ሌላም ችግር ነበር። አንዱ ያቀናበረው ዘፈን በሌላው ኪቦርድ ላይ ሲጫወት ከበሮው ፒያኖ፣ ፒያኖው ጥሩምባ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ የድምፆቹን ቁጥር እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደ ፈቀደው ይሰጥ ስለነበር ነው። በ1991 ጄኔራል ሚዲ የተባለው ስምምነት 128 ድምፆችን በቋሚ ቁጥር ደልድሎ፣ ከበሮን በአሥረኛው ቻናል ላይ አጸና። ስምምነቱ ለሥራ የጠቀመውን ያህል የማንን ሙዚቃ በዐይኑ እንዳየ የሚናገር ሰነድም ነው። የየአገሩ መሣሪያ ተብለው ስምንት ቁጥሮች ተመደቡ፤ ሲታር፣ ባንጆ፣ ሻሚሴን፣ ኮቶ፣ ካሊምባ፣ ባግፓይፕ፣ ፊድልና ሻናይ። ከእነዚህ ውስጥ በቀጥታ አፍሪካዊ የሆነው ካሊምባ ብቻ ነው። ክራር የለም፤ ማሲንቆ የለም፤ በገና የለም፤ ሶማሌዎች ከበን የሚሉት ዑድም የለም።

ከባንድ ወደ ኪቦርድ

ኪቦርዱ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ ባዶ ቤት አላገኘም። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ ከዚያም በሆቴል የሚጫወቱት ባንዶች የነፋስ መሣሪያን ከአገር ቅኝት ጋር ያዋሐደ አንድ ትውልድ ፈጥረው ነበር። በ1974 አብዮቱ ሲፈነዳ የመጣው የሰዓት እላፊ ገደብ ግን የሌሊቱን ኑሮ ቀማቸው። ባንዶቹ ካሴትን መተዳደሪያ፣ ትልልቅ ሆቴሎችን መጠጊያ አደረጉ። በሒልተን ይጫወት የነበረው ዋልያስ ባንድ በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሸክላ አወጣ።

የዋልያስ የኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ የተወለደ ነው። ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ አሜሪካ ሲጓዝ እዚያው ከቀሩት አንዱ ሆነ። በ1985 በዋሽንግተን ያወጣው «ሸሞንሟናዬ» የተባለው ካሴት ለዚህ ጽሑፍ ትልቅ ምስክር ነው። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩንና የምት ማሽኑን ራሱ እየደራረበ ብቻውን ተጫወተው። አንድ ሰው ባንድ ሊሆን እንደሚችል፣ ያም ባንድ የአገሩን ትዝታ ሊሸከም እንደሚችል ካሴቱ አሳየ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ድረስም መኪናው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። በ2013 ካሴቱ እንደገና ታትሞ ለዓለም ሲሰማ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራውን ይዞ ተመለሰ።

በዚያው በዋሽንግተን በ1984 ቴዎድሮስ አክሊሉ፣ ሔኖክ ተመስገንና አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ ያሉበት አድማስ ባንድ «የኢትዮጵያ ልጆች» የሚል ትርጉም ያለው ሸክላ አሳተመ። ሲንተሳይዘርና የምት ማሽን የበዛበት፣ በወቅቱ በጥቂት ቅጂ የወጣ ሥራ ነበር፤ በ2020 እንደገና ታትሟል። አበጋዝ ከዚያ ወዲህ ከታወቁት የኢትዮጵያ ሙዚቃ አቀናባሪዎች አንዱ ሆኗል።

የሰዓት እላፊው ሲነሣና ደርግ በ1991 ሲወድቅ የምሽት ቤቶች እንደገና ተከፈቱ። በሮቹን ያለፉት ግን አሥር ሰው ያለባቸው ባንዶች አልነበሩም። የቤት ባለቤት ለአሥር ሰው ከመክፈል ለሁለት ሰው መክፈልን መረጠ። ሳክስፎኒስቱና ከበሮ መቺው ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ ወይም ተሰደዱ። ኪቦርዱ ብቻውን አላባረራቸውም። የ17 ዓመቱ ገደብ አስቀድሞ አዳክሟቸው ነበር፤ ኪቦርዱ የደረሰው ክፍት በሆነው ቦታ ላይ ነው። ይህን ለይቶ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ጥፋቱን ሁሉ በማሽኑ ላይ ከጫንን፣ ማሽኑን በእጃቸው ይዘው ድንቅ ሥራ የሠሩትን እንበድላለን። ለምሳሌ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ያጠናውና በ2019 በሞት የተለየን ኤልያስ መልካ፣ በ2005 የዘሪቱ ከበደን፣ በ2007 ደግሞ የእዮብ መኮንንን አልበም ያቀናበረው በዚሁ በስቱዲዮና በኮምፒውተር ዘመን ነው። ሥራዎቹን የሰማ ሰው መሣሪያው ሙዚቃን የግድ ያደኸያል ብሎ አይከራከርም።

ቅኝቱ በገመድ ውስጥ

ይሁንና ማሽኑ ያለ ዋጋ አልመጣም። የኪቦርዱ ገበታ አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል ይከፍላል። ትዝታና ባቲ በዚህ ገበታ ላይ ይብዛም ይነስም ይቀመጣሉ። አንቺሆዬ ግን፣ በክራር ጅማት በጆሮ ሲቃኝና በፋብሪካ ቁልፍ ሲነካ፣ ሁለት የተለያየ ጣዕም አለው። ማሲንቆ ደግሞ በድምፆች መካከል እየተንሸራተተ የሚያለቅስ እንጂ ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚዘል መሣሪያ አይደለም።

እዚህ ላይ ባለ ብዙ ቻናል ቀረጻ ከምቾት ያለፈ ትርጉም ያገኛል። በኪቦርዱ ግራ በኩል ያለው ፒች ቤንድ የሚባለው ተሽከርካሪ ድምፅን በ16,384 ደረጃዎች ከፍና ዝቅ ያደርጋል። የሚያዝዘው ግን ቻናሉን በሙሉ ነው። ማሲንቆ የሚመስለው ድምፅና አኮርዱ በአንድ ቻናል ቢቀመጡ አንዱ ሲያለቅስ ሌላውም አብሮ ይንጋደዳል። ማሲንቆውን ለብቻው በአንድ ቻናል ያስቀመጠ አቀናባሪ ግን ሌሎቹ በቦታቸው ቆመው እርሱ ብቻውን እንዲንሸራተት ያደርጋል። በ2018 የጸደቀው አዲስ ደንብ ለእያንዳንዱ ኖታ የራሱን ቻናል የሚሰጠው፣ በ2020 የመጣው ሁለተኛው ሚዲም እያንዳንዱን ኖታ ለብቻ ማዘንበል የሚፈቅደው ይህንኑ ችግር ለመፍታት ነው። መሣሪያውን ወደ ቅኝቱ የማምጣት ሐሳብም በእኛ ዘንድ አልጠፋም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ራድክሊፍ ተቋም በቆየበት ጊዜ የኢትዮጵያን ባህላዊ መሣሪያዎች ስለማዘመን ሠርቷል።

ምቱም የራሱ ፈተና ነበረው። ቀደምት ኪቦርዶች ዋልዝ፣ ሮክ፣ ቦሳኖቫና ሳምባ ይዘው ይመጡ ነበር፤ ችክችካን የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በገዛ እጁ ማቀናበር ነበረበት። ሲኩዌንሰሩ ያለፈውንና የዘገየውን ምት ሁሉ ወደ ቅርቡ መስመር ጎትቶ ያስተካክላል። ለማርሽ ይህ በጎ ነው። የችክችካ ውበት ግን ሁለትና ሦስት ሆኖ በመቆጠሩ፣ በመጠኑም በመዘግየቱ ላይ ስለሆነ፣ ሲስተካከል ይደርቃል። ብልህ አቀናባሪ ከበሮውን በእጁ መትቶ ሳያስተካክለው የሚተወው ለዚህ ነው።

ከተቀበሩት ካሴቶች የምንማረው

ሀርጌሳ ስለ ድምፅ መጥፋትና መትረፍ ከማንም በላይ የምታውቅ ከተማ ናት። ሬዲዮ ሀርጌሳ በ1943 ሥራ ጀመረ። በ1955 ዋላሎ ሀርጌሳ የተባለው የኪነት ቡድን ተመሠረተ። ዑድን ወደ ሶማሊኛ ዘፈን በማስገባት የሚታወቀው አብዱላሂ ቀርሼም ከዚህ ዘመን ሰዎች አንዱ ነው። ዜማው እንደ ኢትዮጵያው በአብዛኛው በአምስት ድምፅ የቆመ በመሆኑ፣ የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቃሉ ባይገባው እንኳ ዜማው ይገባዋል።

በ1988 የሲያድ ባሬ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ በሐርታሼክና በአካባቢው ሰፈረ፤ የሐርታሼክ ካምፕ የተዘጋው በ2004 ነው። የሬዲዮው ካሴቶችና ሪሎች ከድብደባው በፊት ተወስደው ከፊሉ በመሬት ውስጥ እንደተቀበረ፣ ከፊሉም ወደ ጂቡቲና ወደ ኢትዮጵያ እንደተሻገረ ይነገራል። በ2014 የተከፈተው የሀርጌሳ የባህል ማዕከል ዛሬ ከ10,000 በላይ ካሴቶችን ሰብስቦ ይዟል። ከዚህ ክምችት በተወሰዱ ሥራዎች በ2017 የታተመ አንድ ስብስብ ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደረሰ። ከተማዋ አንዱን ወረዳዋን በድምፃዊው በመሐመድ ሞጌ ስም መጥራቷም ለሙዚቃ የምትሰጠውን ቦታ ያሳያል።

ካሴቱ የተረፈው ድምፁ በላዩ ላይ ስለነበረ ነው። ከጉድጓድ ወጥቶ ተጠርጎ ሲጫወት ዘፋኙ ይሰማል። ከ1990 ወዲህ በሰርግ ቤትና በስቱዲዮ የተቀነባበረው ሥራ ግን ሌላ ዕጣ አለው። የብዙው ቅንብር የተቀመጠው በፍሎፒ ዲስክ ወይም በኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ነው። የአራት ደቂቃ ዘፈን በሲዲ ጥራት 42 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ፣ በሚዲ ጥቂት አሥር ኪሎባይት ይበቃዋል። አንዲት 1.44 ሜጋባይት የምትይዝ ፍሎፒ የአንድ ሰርግ ዘፈን በሙሉ ትሸከማለች። ቀላልነቷ ግን አደጋዋም ሆነ። ዲስኳ በሙቀትና በአቧራ ትበላሻለች፣ አንባቢው ማሽን ከገበያ ወጥቷል፣ የኪቦርዱ ባትሪ ሲያልቅም በውስጡ የተቀመጠው ይጠፋል። ፋይሉ ቢተርፍ እንኳ ድምፁን ይሰጠው የነበረው ኪቦርድ ከሌለ፣ መሪጌታ የሌለው ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ፋይል የሚጠብቀው ነገር ደግሞ ካሴት የማይጠብቀው ነው። ካሴቱ ሁሉንም ድምፅ በአንድ አዋሕዶ ያሰማናል፤ የሚዲ ፋይል ግን ቤዙን ለብቻ፣ ከበሮውን ለብቻ፣ የእያንዳንዱን ጣት ኃይልና ጊዜ በቁጥር ያሳየናል። አንድ ተማሪ በ1990ዎቹ ችክችካ በኪቦርድ እንዴት ይመታ እንደነበር ለማጥናት ቢፈልግ ከዚህ የተሻለ ሰነድ አያገኝም።

ስለዚህ ኪቦርድ በቤቱ ያለው ባለሙያ ሁሉ ዛሬ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ቅንብሩን በመሣሪያው በራሱ አጻጻፍ ብቻ ከመተው ይልቅ እያንዳንዱን መስመር ለይቶ በሚይዘው በመደበኛው የሚዲ ፋይል ዓይነት 1 ገልብጦ ያውጣ። ከጎኑም በዚያው ኪቦርድ አጫውቶ ድምፁን ይቅዳ፤ አንዱ ምልክቱን ሲጠብቅ ሌላው ጣዕሙን ይጠብቃል። የመሣሪያውን ዓይነት፣ የአቀናባሪውን ስም፣ ዓመቱንና ቅኝቱን በጽሑፍ ያስፍር። ሥራው የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

በሰርጉ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን መሸከሙ የዘመኑ ዕጣ ነበር። በእያንዳንዱ ቻናል ውስጥ ያለው ምት ግን ከእርሱ በፊት ከነበረ አንድ ከበሮ መቺ፣ አንድ ቤዝ ተጫዋች፣ አንድ ሳክስፎኒስት የተማረው ነው። ፋይሉ ሲጠፋ የሚጠፋው የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ሳይሆን እርሱ በጣቶቹ ያስታወሳቸው ሁሉ ናቸው። የሀርጌሳ ሰዎች ካሴቶቻቸውን ቦምብ ከመውደቁ በፊት አሸሹ። የእኛን ፍሎፒዎች የሚያሳድድ አውሮፕላን የለም፤ የሚያጠፋቸው አቧራና ቸልተኝነት ነው።